ሚኒስትሩ ያልተዘጋጀበት ጥያቄ
የሎርዶች ምክር ቤት አባላት መንግሥትን በቃል የሚጠይቁት እንዴት ነው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ሚኒስትርን ፊት ለፊት ስለ መጠየቅ ነው። ጉዳዩን የምንከታተለው በለንደን፣ የብሪታንያ ፓርላማ የላይኛው ቤት በሆነው በሎርዶች ምክር ቤት ውስጥ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳውቃችሁ፤ ወራቱንና ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በራሳችን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ይህን ምክር ቤት የመረጥኩት ጉልበት ስላለው አይደለም። እንዲያውም ጉልበቱን ያጣ ቤት ነው። አባላቱ በሕዝብ አልተመረጡም። በ1911 የወጣው ሕግ በገንዘብና በግብር አዋጆች ላይ የነበራቸውን የመከልከል ሥልጣን ወሰደባቸው፤ በ1949 የወጣው ደግሞ ሌሎቹን አዋጆች ቢሆን ለአንድ ዓመት ያህል ከማዘግየት ያለፈ ኃይል እንዳይኖራቸው አደረገ። መንግሥት በእነርሱ ድምፅ አይወድቅም። ታዲያ በጀት የማይዝ፣ መንግሥት የማይጥል ምክር ቤት ሚኒስትርን በምን ያስጨንቃል? ቢያንስ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በየስብሰባው መጀመሪያ ላይ፣ በጥያቄ ያስጨንቃል። የጥያቄ ብልሃት በደንብ የሚታየው ደግሞ ሌላ መሣሪያ በሌለው ሰው እጅ ሲገባ ነው።

እስቲ ከአመጣጡ እንነሣ። በ1720 ለንደን በአክሲዮን ሰክራ ነበር። ሳውዝ ሲ የሚባል ኩባንያ የመንግሥትን ዕዳ ተረክቦ አክሲዮን ይሸጥ ጀመር። በዓመቱ መግቢያ 128 ፓውንድ ገደማ የነበረው የአንዱ አክሲዮን ዋጋ በበጋው ወደ 1,000 ፓውንድ ተጠጋ፤ መኸር ሳያልቅ ደግሞ ከ200 በታች ወረደ። መኳንንቱም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛውም አብረው ከሰሩ። በጥር 1721 ምርመራው ሲጠብቅ፣ ጉቦ የተከፈላቸውን ባለሥልጣናት ስም የሚያውቀው የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ሮበርት ናይት ባሕር ተሻግሮ ጠፋ።

በየካቲት 9 ቀን 1721 ታዲያ ኧርል ካውፐር የተባሉ መኮንን በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥተው መንግሥትን ጠየቁ፦ ናይት ብራስልስ ውስጥ ተይዟል የሚባለው ወሬ እውነት ነው ወይ? የመለሱላቸው የግምጃ ቤቱ ዋና ሹም ኧርል ሰንደርላንድ ነበሩ፤ እውነት መሆኑንም አረጋገጡ። የብሪታንያ የፓርላማ ታሪክ ጸሐፊዎች ለመንግሥት ቀርቦ ምላሽ ያገኘና በመዝገብ የሰፈረ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው ይላሉ። የተጠየቀውም በታችኛው ምክር ቤት ሳይሆን በላይኛው መሆኑን ልብ በሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ መላሹ ናቸው። ሰንደርላንድ ራሳቸው ከኩባንያው አክሲዮን በነጻ ወስደዋል ተብለው ይታሙ ነበር። በኋላ በታችኛው ምክር ቤት ጉዳያቸው ታይቶ በድምፅ ብልጫ ነጻ ወጡ። ሮበርት ናይትም ለምርመራው ወደ ለንደን ሳይመለስ ቀረ። የመጀመሪያው የፓርላማ ጥያቄ እንግዲህ እውነቱን የሚያውቀው ሰው የት እንዳለ፣ ያ እውነት ይወጣ ዘንድ ላይፈልግ ለሚችል ሰው የቀረበ ነበር። ካውፐር ግን ስለ ጉቦው አላነሡም፤ ስለ ሙስናም ንግግር አላደረጉም። የጠየቁት ‹አዎ› ወይም ‹አይ› ተብሎ ሊመለስ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹አዎ› የሚለው መልስ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ፣ ሰውየው ተላልፎ እንዲመጣ መንግሥት ምን እያደረገ ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ አስቀድሞ በራሱ ተጠየቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። ሰኞና ማክሰኞ ስብሰባው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል፣ ረቡዕ 9 ሰዓት፣ ሐሙስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ይጀመራል። በቅድሚያ ከጳጳሳቱ አንዱ ጸሎት ያደርሳሉ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 26 ጳጳሳት በዚህ ምክር ቤት መቀመጫ አላቸውና። ከጸሎቱ በኋላ ወዲያው የጥያቄ ሰዓት ይገባል። በአንድ ቀን ቢበዛ አራት ጥያቄ ይቀርባል፤ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ በጠቅላላው አርባ ደቂቃ።

ጥያቄው ለዕለቱ የሚዘጋጅ አይደለም። አባሉ አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገባል፤ ታትሞም በምክር ቤቱ የሥራ ዝርዝር ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚጠየቅ ቀድሞ ያውቃል። አቀራረቡ አጭር ነው፤ መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ ምን እርምጃ ወስዷል፣ ምን ግምገማ አድርጓል፣ ምን ዕቅድ አለው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። ሐሳብ ማስፋፋት፣ መውቀስ፣ ስድብ ቀርቶ ሽሙጥ እንኳ አይፈቀድም። መንግሥት ኃላፊነት በሌለበት ነገርም አይጠየቅም። ሌላው መለያው ደግሞ ጥያቄው ለእገሌ ሚኒስትር ተብሎ አለመቅረቡ ነው። የሚጠየቀው የግርማዊነታቸው መንግሥት በአጠቃላይ ነው፤ ማን ተነሥቶ እንደሚመልስ የሚወስነው መንግሥት ራሱ ነው።

የአጠያየቁን ሥርዓት በድምፅ ብትሰሙት ይሻላል። አሁን የምትሰሙት ለማሳያ እኛው ያዘጋጀነው ምሳሌ እንጂ በምክር ቤቱ የተባለ ነገር አይደለም። ጉዳዩ የገጠር አውቶቡስ ነው እንበል፤ ጥያቄውም ታትሟል፦ መንግሥት በገጠር አካባቢዎች የአውቶቡስ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ምን እርምጃ እየወሰደ ነው?

(የስብሰባ አዳራሽ ድምፅ)

ጠያቂ፦ ክቡራን፣ በዕለቱ የሥራ ዝርዝር ላይ በስሜ የተመዘገበውን ጥያቄ አቀርብ ዘንድ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

ሚኒስትር፦ ክቡራን፣ መንግሥት የገጠር መስመሮችን ጠቀሜታ በሚገባ ይገነዘባል። ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠው ድጎማ ቀጥሏል። የትኛው መስመር እንደሚሠራ የሚወስኑት ግን አስተዳደሮቹ ናቸው።

ጠያቂ፦ ክቡር ሚኒስትሩን ስለ መልሳቸው አመሰግናለሁ። ድጎማውን ከወሰዱት አስተዳደሮች መካከል ባለፈው ዓመት ቢያንስ አንድ መስመር ያቋረጡት ስንት ናቸው?

(ድምፁ ይቀንሳል)

ልብ አላችሁ? ጠያቂው በመጀመሪያ ሲነሣ ጥያቄውን አላነበበም። በሁሉም ሰው እጅ ያለ ወረቀት ላይ ታትሟልና ‹በስሜ የተመዘገበው› ብሎ ጠቅሶት ተቀመጠ። ሚኒስትሩ የተዘጋጀውን መልስ አነበበ፤ ይህ የመጀመሪያ መልስ ከ75 ቃላት እንዳይበልጥ በአሠራር ተወስኗል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ወረቀት ለወረቀት የተደረገ ንግግር ነው። የጽሑፍ ጥያቄ ተልኮ የጽሑፍ መልስ ቢመጣም ያው ነበር።

ጨዋታው የሚጀመረው ጠያቂው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ነው። ይህ ተከታይ ጥያቄ አልታተመም፤ ለመሥሪያ ቤቱም አልተላከም። በምሳሌያችን ሚኒስትሩ ቁጥሩን ካወቀ ይናገረዋል፤ ቁጥሩም ራሱ ዜና ይሆናል። ካላወቀ ደግሞ መንግሥት ገንዘብ እየሰጠ ምን እንደተሠራበት አይከታተልም ማለት ነው፤ ይህም ዜና ነው። ሚኒስትሩ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ጠቧል።

አሁን ያንኑ ጠያቂ በሌላ አፍ እናናግረው፦ ‹ክቡር ሚኒስትሩ መንግሥታቸው ገጠሩን ጨርሶ እንደዘነጋውና ሽማግሌዎችና ተማሪዎች በየመንገዱ ቆመው እንደሚውሉ አያምኑም ወይ?› ይህ ጥያቄ ልብ ይነካል፤ ጋዜጣ ላይም ያምራል። መልሱ ግን ‹አላምንም፤ እንዲያውም ድጎማው ቀጥሏል› ነው። አለቀ። ሚኒስትሩ የተዘጋጀለትን ወረቀት እንኳ ሳይገልጥ ተቀመጠ።

በምክር ቤቱ የአሠራር መመሪያ ላይ ተከታይ ጥያቄ አጭር እንዲሆን፣ ከሁለት ነጥብ በላይ እንዳይዝ፣ የአስተያየት መግለጫ እንዳይሆን፣ ከወረቀትም እንዳይነበብ ተጽፏል። ሁለት ነጥብ መፍቀዳቸው ግን ለእኔ ቸርነት ይመስለኛል፤ ቸርነቱም ለሚኒስትሩ ነው። ሁለት ነገር የተጠየቀ ሰው ቀላሉን በሰፊው መልሶ ከባዱን ሊረሳው ይችላል፤ ጊዜውም በዚያው ያልፋል። ስለ ጥያቄ ርዝመትም እንዲሁ ነው። ጠያቂው በተናገረ ቁጥር ሚኒስትሩ ያስባል፣ ከኋላው የተቀመጡት ባለሙያዎችም ወረቀት ያቀብሉታል።

ከጠያቂው ቀጥሎ ማንም አባል ሊነሣ ይችላል። ለዋናው ጠያቂ የመጨረሻውን ቃል የመናገር መብት አልተጠበቀለትም፤ በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ ከየአቅጣጫው ተከታይ ጥያቄ ይወርዳል። ታዲያ ማን ቀድሞ ይናገራል? ይህን ቤት ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ብቆይበት ቅር አይበላችሁ።

ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ አለው። ይህ ሥልጣን አሁን ባለው መልኩ የተቋቋመው በ2006 ሲሆን የመጀመሪያዋ ተመራጭ ባሮነስ ሄይማን ነበሩ። አፈ ጉባኤው በሱፍ በተሞላ ትልቅ ቀይ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ተናጋሪ አይጠራም፤ ‹ዝም በሉ› ብሎ አያዝም፤ ከርዕስ የወጣውንም አያቆምም። አንድ የዕድር ዳኛ ያለውን ያህል ሥልጣን እንኳ የለውም ብል አላጋነንኩም። አባላትም ሲናገሩ ‹ክቡር አፈ ጉባኤ› ብለው አይጀምሩም፤ የሚናገሩት ለመላው ቤት ነውና ‹ክቡራን› ነው የሚሉት።

ስለዚህ ጥያቄ ለማቅረብ የፈለገ ብድግ ይላል። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ከተነሣ በትሕትና ይተያያሉ፤ አንደኛው ይቀመጣል። እምቢ ካሉ ከየአግዳሚው ድምፅ ይሰማል። የአንዱ ወገን አባላት ተራው የእኛ ነው ይላሉ፤ ከገዢው ፓርቲ፣ ከተቃዋሚው፣ ከሊበራል ዴሞክራቶች፣ ከማንኛውም ፓርቲ ያልሆኑት ነጻ አባላት፣ ከጳጳሳቱም ጭምር ተራ በተራ መሄድ የተለመደ ነውና። ካልተግባቡ በምክር ቤቱ የመንግሥት መሪ የሆነው ሚኒስትር ተነሥቶ፣ ከዚያኛው ወገን ቆይተናልና አሁን ወደዚህ ብንመጣ ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳብ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ከወረቀት የሚያነብ ከተገኘ ‹እያነበበ ነው!› የሚል ጩኸት ይነሣል፤ ንግግር ያበዛውንም ‹ጥያቄው የት አለ?› በሚል ጉርምርምታ ያስቀምጡታል።

በወረርሽኙ ጊዜ፣ በ2020፣ ስብሰባው በኢንተርኔት ሲሆን ይህ ሁሉ አልሠራም፤ በስክሪን ላይ ‹ብድግ› ማለት አይቻልምና። የጠያቂዎች ስም ዝርዝር አስቀድሞ ወጣ፤ ሰው በስሙ ተጠራ። ያኔ ድምፃቸው ከፍ የማይለው፣ ለመሻማት የማይደፍሩት አባላት ዕድል አገኙ ያሉ ነበሩ። ወደ አዳራሹ ሲመለሱ፣ በሐምሌ 2021፣ ከእንግዲህ አፈ ጉባኤው ጠያቂዎችን ይጥራ ወይስ እንደ ጥንቱ እንቀጥል ብለው ተከራከሩ። ድምፅ ሲሰጥ የጥንቱ አሸነፈ። በእኔ ግምት ውሳኔው ለጉልበተኛ ድምፅ ያደላ ነበር። ለጥያቄው ግን አንድ ነገር አትርፎለታል፤ ሚኒስትሩ ማን እንደሚነሣበት አያውቅም።

ደግሞም ሊነሣ የሚችለው ማን እንደሆነ አስቡ። ከአባላቱ መካከል የቀድሞ ዳኞች፣ ጄኔራሎች፣ ሐኪሞች፣ ፕሮፌሰሮች አሉ። ስለ ሕሙማን እንክብካቤ ጥያቄ ሲመጣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሞት አፋፍ ያሉ ሕሙማንን ሲያክሙ የኖሩት ባሮነስ ፊንሌይ ሊነሡ ይችላሉ። ስለ ስደተኛ ሕፃናት ሲጠየቅ ሎርድ ዳብስ ይነሣሉ፤ እኚህ ሰው በ1939 ከናዚዎች ለማምለጥ በባቡር ከፕራግ ወደ ለንደን ከተላኩት ሕፃናት አንዱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጠያቂ ፊት የቆመ ሚኒስትር ጉዳዩን ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ብቻ ካወቀ ወዮለት!

ንግግሩ ግን ጨዋ ነው። አንዱ ሌላውን በስሙ ጠርቶ አይወርፍም። ከራሱ ፓርቲ የሆነውን ‹ክቡር ወዳጄ› ይላል፤ ዳኛ የነበረውን ‹ክቡርና የሕግ ሊቅ›፣ የጦር አዛዥ የነበረውን ‹ክቡርና ጀግና› ብሎ ይጠራል። ስድብና ቁጣ የተሞላበትን ንግግር የሚከለክለው የምክር ቤቱ ደንብ የወጣው በ1626 ነው፤ ዛሬም ድረስ ይሠራል። ነገር ሲከር አንድ አባል ይህ ደንብ ይነበብልን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጸሐፊውም ተነሥቶ ያነበዋል። በጉዳዩ የገንዘብ ጥቅም ያለው አባልም ከመጠየቁ በፊት ያንን ማሳወቅ ግዴታው ነው፦ የእገሌ ድርጅት ሊቀመንበር ነኝ፣ የዚህ ኩባንያ ባለ አክሲዮን ነኝ ይላል። ገንዘብ ተቀብሎ መጠየቅ የተከለከለ ነው።

እስቲ አሁን በሚኒስትሩ ወንበር እንቀመጥ። ጠቅላይ ሚኒስትሩና አብዛኞቹ ሚኒስትሮች የታችኛው ምክር ቤት አባላት ናቸው። የሥልጣን ዘመኑን በሙሉ ከላይኛው ምክር ቤት ሆኖ አገር የመራ የመጨረሻው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሶልዝበሪ ነበር፤ ሥልጣኑን የለቀቀው በ1902 ነው። ስለዚህ በሎርዶች ምክር ቤት መንግሥት ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያለው። አንድ ሚኒስትር ዴኤታ የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ ሁሉ፣ የራሱ ድርሻ ያልሆነውንም ጨምሮ ይመልሳል። የመንግሥት ተጠሪዎች እንኳ፣ በታችኛው ምክር ቤት በዝምታ የሚታወቁት ማለት ነው፣ እዚህ ለሁለት ለሦስት መሥሪያ ቤት ተነሥተው ይናገራሉ። ከጥያቄው በፊት ባለሙያዎች ለሚኒስትሩ ወፍራም ፋይል ያዘጋጁለታል፤ ሊነሣ ይችላል ያሉትን ሁሉ ከነመልሱ ያጠናል።

ፋይሉ ውስጥ የሌለ ነገር ሲመጣስ? ያኔ የታወቀ መውጫ አለ፦ ‹ለክቡር አባሉ በጽሑፍ አሳውቃለሁ።› ለብዙ ተመልካች ይህ ሽሽት ይመስለዋል። ልምድ ያለው ጠያቂ ግን ደስ ይለዋል። ምክንያቱም ደብዳቤው በእርግጥ ይጻፋል፤ ቅጂውም በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሌሎች ያዩታል። በዚያ ደብዳቤ ላይ ሚኒስትሩ ፈርሞበታልና በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄው ከደብዳቤው ይነሣል። ሚኒስትሩ ሊፈራ የሚገባው አለማወቅን ሳይሆን የተሳሳተ ነገር መናገርን ነው፤ ምክር ቤቱን እያወቀ ያሳሳተ ሚኒስትር ሥልጣኑን መልቀቅ ይጠበቅበታልና።

አንድ ለየት ያለ ጊዜ ልጥቀስ። በኅዳር 2023 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ የሎርድነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው ወደ ላይኛው ምክር ቤት ገቡ። በሕዝብ የተመረጡት የታችኛው ምክር ቤት አባላት የአገሪቱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፊት ለፊት መጠየቅ አልቻሉም፤ ያልተመረጡት ሎርዶች ግን ቻሉ። ለእርሳቸው ብቻ የተመደበ የጥያቄ ጊዜም ተዘጋጀላቸው። ይህ ነገር ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ ቁጣው ተገቢ ይመስለኛል።

አራቱ ጥያቄዎች አስቀድመው የሚያዙ ከሆነ ትናንት ማታ የሆነ ነገር እንዴት ይጠየቃል? ሁለት መንገድ አለ። ከዕለቱ ጥያቄዎች የመጨረሻው በአብዛኛው ቀን ለወቅታዊ ጉዳይ ይተዋል፤ ጠያቂውም በዕጣ ይለያል። ጉዳዩ ከዚያም የሚያስቸኩል ከሆነ ደግሞ አባሉ በዚያው ዕለት ለአፈ ጉባኤው ያመለክታል። ያ ተናጋሪ እንኳ የማይጠራ አፈ ጉባኤ እዚህ ላይ ግን የራሱ ሥልጣን አለው፤ ጉዳዩ በእርግጥ አስቸኳይ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ይወስናል። ከፈቀደ ሚኒስትሩ በሰዓታት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀርባል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና ወደ ሕንድም ጎራ እንበል። የሕንድ ላይኛው ምክር ቤት ራጅያ ሳባ ከብሪታንያ የወረሰውን የቃል ጥያቄ በኮከብ ምልክት ነው የሚለየው። ኮከብ ያለበት ጥያቄ በቃል ይመለሳል፤ ተከታይም ያስከትላል። ኮከብ የሌለው በጽሑፍ ብቻ ይመለሳል። የጥያቄው ሰዓት በፊት ጠዋት ነበር፤ ግን አባላት ተቃውሞ እያነሡ ስብሰባውን ስለሚያውኩ ሚኒስትሮች ሳይጠየቁ የሚውሉበት ቀን በዛ። በ2014 ሰዓቱን ወደ እኩለ ቀን አዛወሩት። በመስከረም 2020 ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት የጥያቄ ሰዓቱ ጨርሶ ተሰረዘ፤ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል ተባለ። ተቃዋሚዎች በብርቱ ተቆጡ። የጽሑፍ መልሱ እያለ ምን አስቆጣቸው? የተወሰደባቸው ተከታዩ ጥያቄ ነዋ።

እኛን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይም በሎርዶች ምክር ቤት በቃል ተጠይቋል። በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙ ለእምነቱ ክብር ሲል በዝግ ክፍል አስቀምጧቸዋል፤ ከካህናት በቀር የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። በ2022 የታቦታቱ መመለስ ጉዳይ ከጳጳሳቱ አግዳሚ በቃል ጥያቄ ተነሣ። የመንግሥት መልስ የተለመደው ነው፦ ሙዚየሙ በባለአደራ ቦርድ የሚተዳደር ነጻ ተቋም ነው፣ ውሳኔው የቦርዱ ነው፣ መንግሥት ጣልቃ አይገባም።

ይህን መልስ ለትምህርት ያህል እንየው። መንግሥት ታቦቶቹን ይመልስ ወይ ብለን ብንጠይቅ ‹የቦርዱ ሥልጣን ነው› ተብሎ በር ይዘጋብናል። ነገር ግን ቦርዱ የሚሠራው ፓርላማ በ1963 ባወጣው ሕግ ነው። ሕጉ ንብረት አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል፤ በጠባብ ሁኔታ ብቻ፣ ለምሳሌ ዕቃው በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ ሊቆይ የማይገባው ከሆነና መሰጠቱ ተመራማሪዎችን የማይጎዳ ከሆነ ይፈቅዳል። እንግዲህ ጥሩ ተከታይ ጥያቄ የሚወጣው ከዚህ ነው። ማንም ሊያያቸው፣ ማንም ሊያጠናቸው፣ ማንም ፎቶ ሊያነሣቸው የማይችል 11 ታቦታት ቢመለሱ የሚጎዳው ተመራማሪ ማን ነው? ይህ ‹የቦርዱ ጉዳይ ነው› ተብሎ በቀላሉ አይታለፍም፤ ሕጉ የፓርላማው ነዋ። የታቦታቱን መመለስ የሚደግፉ የሕግ ባለሙያዎችም የሚከራከሩት በዚሁ አንቀጽ ነው። ታቦታቱ እስካሁን አልተመለሱም፤ ያ ክርክር ግን በምክር ቤቱ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ወደ ራሳችን አገር ስንመጣ ሥርዓቱ ሌላ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤታችን ከሎርዶች ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ሕግ አያወጣም፣ ዋና ሥራው ሕገ መንግሥቱን መተርጎምና የብሔር ብሔረሰቦችን ጉዳይ መመልከት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን የተሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚጠየቁበትን ስብሰባ በቴሌቪዥን ያላየ አድማጭ ያለ አይመስለኝም። አባላት እየተነሡ ስለ ዋጋ ንረቱ፣ ስለ ጸጥታው፣ ስለ ውጭ ግንኙነቱ ጥያቄያቸውን በተከታታይ ያቀርባሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማስታወሻ ይይዛሉ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ በረጅሙ ይመልሳሉ። በዚህ አካሄድ ጉዳዮች በስፋት ይነሣሉ፤ መሪውም ሐሳቡን በሰፊው ያብራራል። ‹ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አሁን የነገሩን ቁጥር የየትኛው ወር ነው?› ብሎ በዚያው ቅጽበት ለመጠየቅ ግን አይመችም። በእኔ እምነት የጎደለው ድፍረት አይደለም፤ የጎደለው ያ ሁለተኛ መነሣት ነው፤ ደንብ በማሻሻል ሊጨመር የሚችል ነገር።

አድማጮቻችን፣ የሎርዶች ምክር ቤት ስብሰባ በፓርላማው ድረ ገጽ በቀጥታ ይተላለፋል፤ የተባለው ሁሉም ቃል በቃል ተጽፎ በነጻ ይነበባል። ካሜራም ወደ አዳራሹ የገባው በ1985 ነው፤ ወደ ታችኛው ምክር ቤት ለመግባት እስከ 1989 ቆይቷል። በትምህርት ቤት ክበባት፣ በዕድራችሁ፣ በቀበሌ ስብሰባ ኃላፊ የምትጠይቁ ካላችሁ አንዱን የአሥር ደቂቃ ልውውጥ ተከታተሉ። የታተመውን ጥያቄ እለፉትና ሁለተኛውን ስሙ፤ ስንት ቃላት እንደሆነ፣ ስንት ነገር እንደጠየቀ፣ ሚኒስትሩ በየትኛው በኩል ሊያመልጥ እንደሞከረ ጻፉ። ከዚያም በምትሳተፉበት ስብሰባ ሞክሩትና የገጠማችሁን በዝግጅታችን አድራሻ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እናየዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።